ጉልቻው ሦስት ነው፦ ከእንጦጦ ማገዶ እስከ ዓባይ ግድብ

ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባን ጥለው ሊሄዱ ነበር። ያባረራቸው ጠላት አልነበረም፤ ወረርሽኝም አልነበረም። ማገዶ አልቆ ነው።

ከተማዋ ከተቆረቆረች አሥራ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላት በዙሪያዋ የነበረው የጽድና የወይራ ደን ተመንጥሮ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ግብር የሚበስለው፣ የሠራዊቱ እንጀራ የሚጋገረው፣ የየጎጆው ምድጃ የሚሞቀው በእንጨት ነው። እንጨት ፍለጋ የሚኬደው መንገድ በየዓመቱ እየራቀ፣ የሸክሙም ዋጋ እየናረ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ ያሰቡት መላ የቀደሙት ነገሥታት ሲያደርጉት የኖሩትን ነው፤ ድንኳን ነቅሎ ደን ወዳለበት መሄድ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አዲስ ዓለም ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዛሬም የዚያ ያልተፈጸመ ጉዞ ምስክር ሆና ቆማለች።

አዲስ አበባን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በዚያው ዘመን አገር ውስጥ የገባው ባህር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮረብታውን ሞላው። ዋና ከተማዋ ባለችበት ቀረች።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ባህር ዛፍ ነው። ነገር ግን ከዚያ በላይ ነው። በዘመናዊቷ ኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው የኃይል ቀውስ ነው። ትምህርቱም አጭር ነው፦ በአንድ የኃይል ምንጭ ብቻ የቆመ ከተማ፣ ያ ምንጭ ሲደርቅ ይነቀላል።

ዛሬ ክርክሩ መልኩን ቀይሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። አንዱ ታዳሽ ኃይል ነው፤ ሌላው ከመሬት ሥር የሚወጣ ቅሪተ አካል ነዳጅ። ከዚያ ወዲህ በየቡና ቤቱና በየማኅበራዊ ገጹ ሰው በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይከራከራል። አንዱ ወገን «ውሃና ነፋስ ያለን አገር ጋዝ ምን ያደርግልናል?» ይላል። ሌላው «ፈረንጅ በከሰልና በዘይት በልጽጎ ሲያበቃ ለእኛ ሲሆን ስለ አየር ንብረት ይሰብካል» ይላል።

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ታሪኩን።

◾ መብራት ኃይልና ወንዞቹ

የኤሌክትሪክ መብራት ኢትዮጵያ የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት በመጣ ጄኔሬተር ነው። ቀጥሎ ፊቱ ወደ ወንዝ ዞረ። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። ለዘመኑ አዲስ አበባ ግን ትልቅ ነገር ነው። የአባ ሳሙኤል መጨረሻም ትምህርት አለው። ከከተማዋ የሚወርደው ደለልና ቆሻሻ ግድቡን ሞላው፤ ማመንጫው ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ የታደሰው ገና በ2000ዎቹ ውስጥ፣ በቻይና ድጋፍ ነው።

በ1948 ዓ.ም. ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እያለ የሚጠራው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ይዞ ብቅ አለ። የወረራ ካሳ ወደ መብራት ተለወጠ ማለት ነው። ከቆቃ በታች አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ተከተሉ፤ አንዱ ውሃ ሦስት ጊዜ ተርባይን እየመታ እንዲወርድ ተደረገ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ፊንጫ 100 ሜጋ ዋት ጨመረ።

በእነዚያው ዓመታት ሌላ ትልቅ ጥናት ይካሄድ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ለግብፁ የአስዋን ግድብ ሊሰጥ ያሰበውን ገንዘብ ሰርዞ፣ ሶቪየቶች በቦታው ከገቡ በኋላ፣ የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ባለሙያዎች የዓባይን ሸለቆ ከላይ እስከ ታች አጠኑ። በ1956 ዓ.ም. የቀረበው ሪፖርት በዓባይ ላይ አራት ትላልቅ ግድቦች እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረበ፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ እና በድንበሩ አጠገብ የሚሠራው። ሕዳሴ የተሠራው የመጨረሻው በታሰበበት አካባቢ ነው። ጥናቱ ግን ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ገንዘብ አልነበረም፤ አበዳሪም አልነበረም። የታችኞቹ አገሮች ባልተስማሙበት ወንዝ ላይ ብር የሚያፈስ ባንክ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ኢትዮጵያ ወደ ውሃ ያዘነበለችው የአየር ንብረት አስጨንቋት አይደለም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጭንቀት በዓለምም አልነበረም። ውሃው በጇ ስለነበረ፣ ዘይቱ ግን በሰው እጅ ስለነበረ ነው። የሰው እጅ ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ታየ።

◾ ጃንሆይና ቤንዚኑ

በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሣ። የዓረብ ዘይት አምራቾች ማዕቀብ ጣሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ በርሜል ዘይት ዋጋ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ አሻቀበ። ኢትዮጵያ በጦርነቱ እጇ አልነበረበትም። ሒሳቡ ግን መጣላት።

መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ። የታክሲ ታሪፍ ግን እንዳለ ነበር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራንም በትምህርት ፖሊሲው ላይ አድማ መቱ። ተማሪው ወጣ፤ ሠራተኛው ተከተለ፤ ወታደሩም በየጦር ሰፈሩ አጉረመረመ። ጃንሆይ ከጥቂት ቀናት በኋላ የቤንዚኑ ዋጋ እንዲቀንስ አዘዙ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ዘውዱን የጣለው ቤንዚን ብቻ ነው ማለት ታሪክን ማቅለል ይሆናል። የወሎ ረሀብ ነበር፤ የመሬት ጥያቄ ነበር፤ የዓመታት ብሶት ነበር። ክብሪቱን የጫረው ግን ነዳጅ ነው፤ ያውም በሺህዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በተወሰነ ዋጋ።

ደርግም ከዚህ አላመለጠም። ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበትን፣ መኪና ያለው ሰው የወር ድርሻውን በሊትር እየቆጠረ የሚኖርበትን ዘመን የሚያስታውሱ ዛሬም ብዙዎች ናቸው። በሶቪየት ድጋፍ በንጉሡ ዘመን የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ድፍድፍ ዘይት እያጣራ አገሪቱን ያገለግል ነበር። በኋላ ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች፤ ማጣሪያው ሥራ አቆመ፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መንገድ ጨርሶ ተዘጋ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የኢትዮጵያ ነዳጅ በአመዛኙ በጅቡቲ በኩል፣ በቦቴ ተጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይመጣል። አንድ የመኪና አደጋ፣ አንድ የመንገድ መዘጋት፣ አንድ የዶላር እጥረት በተፈጠረ ቁጥር በየማደያው የሚሰለፈውን የመኪና ርዝመት ማየት ይበቃል።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያሳውቁ፣ ዓለም «አረንጓዴ ውሳኔ» ብሎ አወደሰ። ሚኒስትሩ ያነሡት ምክንያት ግን በአመዛኙ የገንዘብ ነበር፤ አገሪቱ በየዓመቱ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለነዳጅ ታወጣለች። የምኒልክ ማገዶ፣ የጃንሆይ ቤንዚን፣ የዛሬው ናፍጣ በዚህ ይመሳሰላሉ። ሦስቱም «ከሩቅ የሚመጣ፣ በየጊዜው የሚወደድ» ናቸው።

ታዲያ እስከዚህ ድረስ የሰማ ሰው «ክርክሩ አለቀ፤ ውሃ ያሸንፋል» ሊል ይችላል። አላለቀም።

◾ ወንዝም ይጎድላል

ዝናብም እንደ ዘይት ከሩቅ የሚመጣ ነገር ነው። ማንም አያዝዘውም።

በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ሲመታ ግድቦቹ ጎደሉ፤ መብራት በፈረቃ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የባሰ መጣ። ክረምቱ ሳይገባ የአዲስ አበባ ሰው መብራቱ የሚጠፋበትን ቀን በፕሮግራም ይዞ ይኖር ጀመር። ፋብሪካ ቆመ፤ ወፍጮ ቤት ቆመ፤ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ፀጉሩ ላይ አስቀምጦ መብራት ጠበቀ። በየሱቁ ደጃፍ የጄኔሬተር ጭስና ድምፅ ሞላ። መንግሥትም ቢሆን ከናፍጣ አላመለጠም፤ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በቃሊቲ የነበሩትን የናፍጣ ማመንጫዎች አስነሣ፤ ተጨማሪም ተከራየ። በውሃ ሀብቷ «የአፍሪካ የውሃ ማማ» የምትባል አገር በናፍጣ ጄኔሬተር አመሸች።

ከዚያ በኋላ ተከታታይ ግድቦች መጡ። ተከዜ 300 ሜጋ ዋት፣ ጊቤ ሁለት 420፣ ጣና በለስ 460፣ ሁሉም በ2002 ዓ.ም.። በ2009 ዓ.ም. 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ ሦስት ተመረቀ። «ከእንግዲህ ጨለማ የለም» ተባለ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ግን የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትሩ ስለሺ በቀለ መግለጫ ሰጡ፦ የጊቤ ሦስት ውሃ ስለጎደለ 476 ሜጋ ዋት ጉድለት ተፈጥሯል፤ መብራት በፈረቃ ይሆናል፤ ለሱዳን የሚሸጠውም ይቆማል። አዲስና ትልቅ ግድብ መሥራት ብቻውን ከፈረቃ እንደማያድን ያን ጊዜ ታየ።

ጎረቤት ኬንያ ይህን ትምህርት ቀድማ ተምራለች። በ1992 ዓ.ም. አካባቢ ድርቅ የጣና ወንዟን ግድቦች ሲያጎድልባት ናይሮቢ በፈረቃ ጨለመች፤ ውድ የናፍጣ ጄኔሬተሮችን ተከራየች። ከዚያ በኋላ ግን ፊቷን ወደ ስምጥ ሸለቆው እንፋሎት አዞረች። በኦልካሪያ ከምድር ውስጥ የሚወጣው የእንፋሎት ኃይል ዝናብ አይጠብቅም፤ ሌሊትም ቀንም ይሠራል። ዛሬ ከኬንያ ኤሌክትሪክ ግማሽ የሚጠጋው ከእንፋሎት የሚገኝ ነው። ኢትዮጵያም ያንኑ ስምጥ ሸለቆ ታቋርጣለች። አሉቶ ላንጋኖ ላይ ከ7 ሜጋ ዋት ትንሽ የሚበልጥ የሙከራ ማመንጫ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሠርታ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ፤ ተጠገነ፤ እንደገና ቆመ። ቱሉ ሞዬና ኮርቤቲ የሚባሉት ትላልቅ ዕቅዶችም ለዓመታት «በሂደት ላይ» ናቸው።

የዛምቢያ ነገር ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። መብራቷን በአመዛኙ የምታገኘው ከውሃ፣ በተለይም ከካሪባ ሐይቅ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ከባድ ድርቅ ሲመጣ ሐይቁ ጎደለ፤ ብዙ ቤተሰቦች በቀን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ መብራት የሚያዩበት ጊዜ ሆነ። ሕዳሴ ከኢትዮጵያ የማመንጨት አቅም ግማሽ ያህሉን ብቻውን ይይዛል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ እንደ ጊቤ ሦስት በአንድ ክፉ ክረምት አይጎድልም፤ ይህ እውነት ነው። ሁለትና ሦስት ክፉ ክረምት ቢደራረብስ? ያን ጊዜ ጥያቄው የመብራት ብቻ አይሆንም፤ ከታችኞቹ አገሮች ጋር የሚደረገው ውዝግብም አብሮ ይሞቃል።

◾ ዘይት ያላቸውስ በራላቸው?

እንግዲህ የቅሪተ አካል ነዳጅ ደጋፊው «ይኸው! ውሃ አያስተማምንም፤ ጋዝና ከሰል ግን ቀንም ሌሊትም ይነዳል» ሊል ነው። ይህም ቢሆን በጎረቤት ሲታይ ይፈርሳል።

ደቡብ አፍሪካ በከሰል የተሞላች አገር ናት፤ ከመብራቷ አምስት እጅ አራቱ ከከሰል ነው። ያም ሆኖ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረቃ ስትሰቃይ ኖራለች፤ በ2015 ዓ.ም. የደረሰው ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነበር። ከሰል አልጎደለባትም። ማመንጫዎቹ አርጅተው፣ ጥገና ተዘንግቶ፣ ሌብነት ገብቶበት ነው። ናይጄሪያ በነዳጅ ዘይት ላይ ተኝታ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝቧ በጄኔሬተር ድምፅ ይኖራል። ግብፅ ከሜዲትራኒያን ባሕር ሥር ትልቅ ጋዝ አግኝታ ለውጭ ስትሸጥ ከርማ፣ በ2015 ዓ.ም. ጋዙ ሲቀንስ በየቀኑ መብራት ማጥፋት ጀመረች።

ስለዚህ «ታዳሽ ያስተማምናል ወይስ ቅሪተ አካል?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ጎዶሎ ነው። ያጨለመው ነገር በየቦታው ይለያያል፤ ዝናብ፣ ዋጋ፣ ወደብ፣ ጥገና፣ ሌብነት። የጋራቸው ነገር በአንድ ምንጭ፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ተቋም ላይ ሙሉ በሙሉ መደገፋቸው ነው።

◾ የካሉብ ግማሽ ምዕተ ዓመት

የካሉብ ጋዝ አዲስ ግኝት አይደለም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ የአሜሪካው ቴኔኮ ኩባንያ ያገኘው ነው። ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። የሶቪየት ባለሙያዎች ቆፈሩ፤ ደርግ ወደቀ፤ እነርሱም ሄዱ። የማሌዥያው ፔትሮናስ መጣና ሄደ። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በአቦሌ የቻይና ኩባንያ የፍለጋ ካምፕ ላይ በደረሰው ጥቃት 9 ቻይናውያንና ከ60 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተገደሉ። ከዚያ በኋላም የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል በትልቅ ተስፋ ገብቶ፣ ዓመታት ቆይቶ፣ ውሉ ተቋረጠ።

ጋዝ መገኘቱና ጋዝ መጠቀም በመካከላቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት፣ ሦስት መንግሥትና ብዙ ደም አለ። «ጋዝ አለን» የሚል ሰው ይህን ሒሳብ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ይህ ማለት ጋዙ ከመሬት ሥር ይቅር ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ የታዳሽ ኃይል ደጋፊው የሚዘነጋው ነገር አለ። ኃይል ሁሉ ኤሌክትሪክ አይደለም። ኢትዮጵያ ለእርሻዋ የምትጠቀምበትን ማዳበሪያ በዶላር ገዝታ ታስገባ ኖራለች፤ ዩሪያ የሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። የሲሚንቶ ምድጃ እስከ 1,450 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት፤ ፋብሪካዎቹ ለዚህ ከሰል ያነዳሉ። ገበሬውን «ማዳበሪያህን ከነፋስ ሥራ» ማለት ዛሬ ባለው ዋጋ ቀልድ ነው። ጋዙ ተቃጥሎ መብራት ከሚሆን ማዳበሪያ ቢሆን ለአገሪቱ የሚያተርፈው ይበልጣል፤ መብራቱንማ ውሃውና ነፋሱ በርካሽ ይሰጣሉ።

ከሰልም የራሱ ታሪክ አለው። በኢሉ አባ ቦራ በያዩ ከመሬት ሥር ከሰል አለ። ከላዩ ግን የዱር ቡና ደን ነው፤ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ። እዚያ የተጀመረው ትልቅ የከሰልና የማዳበሪያ ፕሮጀክት ብዙ ገንዘብ በልቶ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ኬንያም በላሙ 1,050 ሜጋ ዋት የከሰል ማመንጫ ልትሠራ ነበር። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤቷ ነዋሪዎቹ በሚገባ አልተጠየቁም ሲል ፈቃዱን ሰረዘው። ኢትዮጵያ በውሃ እጥረት በፈረቃ ላይ በነበረችበት ወር፣ ጎረቤቷ በሕግ ከሰልን አስቆመች።

«ፈረንጅ በከሰል በልጽጎ» የሚለው ክርክርም ግማሽ እውነት ነው። እንግሊዝ የመጀመሪያውን የከሰል የመብራት ማመንጫ በለንደን ያስነሣችው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ የመጨረሻውን የዘጋችው በ2024። 142 ዓመት ተጠቅማበታለች። ኢትዮጵያ ከዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት ያላት ድርሻ ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። ፍትሕ ቢኖር ካሳ የሚገባት አገር ናት። ነገር ግን ሌላው በልቶ የታመመበትን ምግብ «ተራዬ ነው» ብሎ መብላት ፍትሕ አይሆንም። ዛሬ ደግሞ የፀሐይ ኃይል ዋጋ ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ እጅግ ወርዷል። ከሰል ርካሽ ስለነበረ የተመረጠ ነገር ነው፤ ርካሽነቱ ካበቃ ክርክሩም አብሮ ያበቃል።

◾ ያልተጠየቀችው

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤ ማንም አይጠይቃትም።

ምኒልክ በማገዶ ምክንያት አዲስ አበባን ሊለቁ ካሰቡ ከ120 ዓመታት በላይ አልፏል። ከእንጦጦ ኮረብታ ከ30 ኪሎ በላይ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ የምትወርደው ሴት ግን ለትውልዶች ከመንገዱ አልጠፋችም። ከተማዋን ያተረፈው ዛፍ በእርሷ ጀርባ ላይ ነው የወረደው። ወደ ገጠር ሲወጣ ነገሩ ይብሳል። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ኃይል አብዛኛው እስከ ዛሬ ውሃም ጋዝም አይደለም፤ እንጨት፣ ኩበትና ከሰል ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። ያገኘውም ቢሆን አምፖል ያበራበታል እንጂ አይጋግርበትም።

እንጀራ በዚህ ላይ የራሷ ጠባይ አላት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይበላል፤ 10 ዋት የሚወስዱ 350 አምፖሎች በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። በአንድ መንደር ያሉ እናቶች ቅዳሜ ጠዋት ባንድነት ምጣድ ቢጥዱ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ግድቡ ሞልቶ፣ ተርባይኑ ዞሮ፣ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው መስመር በጎጆው አናት ላይ አልፎ እየሄደ፣ ከሥሩ እሳቱ የሚነደው በኩበት ነው። ኩበቱ ደግሞ ማሳ ላይ መዋል የነበረበት ማዳበሪያ ነው። ዙሮ ዙሮ ያው የማዳበሪያ ዶላር ይመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶ ጭስ ምክንያት በዓለም በየዓመቱ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ከእነዚህ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት በየትኛውም የኃይል ክርክር መድረክ ላይ ወንበር የላቸውም። በሌላ በኩል ከግድቦቹ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ለጎረቤት አገሮች ይሸጣል፤ ለዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ ማሽኖችም ይሸጣል። ሽያጩ ዶላር ያመጣል፤ ዶላሩም ያስፈልጋል። ግን የወር ደመወዙን ለሕዳሴ ቦንድ የከፈለው የገጠር መምህር፣ እናቱ ገና በጭስ ዓይኗ እየቀላ ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአገሬው ሰው። ነዳጁን ከናፍጣ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ጋዝ መለወጥ ብቻውን ለዚህች እናት ምንም አይለውጥም። መስመሩ ጎጆዋ ሳይደርስ፣ ምጣዱን መግዛት ሳትችል፣ ትራንስፎርመሩ ሳይጠነክር፣ ማመንጫው ምንም ይሁን ምን ለእርሷ ወሬ ነው።

◾ ታዲያ ምን ይሻላል?

ታሪኩ የሚለው አንድ ነገር ነው። በእንጨት ብቻ የቆመች አዲስ አበባ ልትነቀል ነበር። ከውጭ በሚመጣ ቤንዚን ላይ የተደገፈ መንግሥት በባለታክሲ አድማ ተናጋ። በዝናብ ብቻ የቆመ መብራት ኃይል በፈረቃ ጨለመ። ድስት በአንድ ጉልቻ አይቆምም፤ ሦስት ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ጉልቻ ውሃ ነው፤ አለ፣ ትልቅ ነው፣ ርካሽ ነው። ሁለተኛው ዝናብ የማይጠብቀው ነው፤ እንፋሎት፣ ነፋስ፣ ፀሐይ። በኢትዮጵያ ነፋሱ የሚበረታው በአመዛኙ ወንዞች በሚቀንሱበት በበጋ ነው። አዳማና አሸጎዳ ላይ የቆሙት ማማዎች ግድቦቹ ውሃቸውን እንዲቆጥቡ ያግዛሉ። ተፈጥሮ ራሷ ፈረቃ አውጥታለች፤ የቀረው መጠቀም ነው። ሁለቱ የሚወዳደሩ ሳይሆኑ የሚተጋገዙ ናቸው። ሦስተኛው ጉልቻ ጎረቤት ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ የሚደርሰው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመር 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም አለው። ዛሬ የሚላከው ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ነው። ክፉ ክረምት ሲመጣ ግን የኦልካሪያ እንፋሎት በዚያው ሽቦ ወደ ላይ መምጣት ይችላል፤ ውሉም ፖለቲካውም ለዚያ ቀን ከአሁኑ መዘጋጀት አለበት።

ጋዙስ? ጋዙ ከጉልቻው ጎን የሚቀመጥ ጨው ነው። ለማዳበሪያ፣ ኤሌክትሪክ ለማይተካው ምድጃ፣ ምናልባትም ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይሆናል። ወጡ በጨው ብቻ አይሠራም። ከዚህ በላይ ደግሞ ጋዙ የሚወጣበት አካባቢ ሕዝብ ከጋዙ ምን እንደሚያገኝ በግልጽ ሊታወቅ ይገባል፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት የወሰደው መዘግየት ምክንያቱ የቴክኒክ ብቻ አልነበረምና።

ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ ሲነሡ አንድ አማራጭ ነበራቸው፤ ሌላ ደን ፍለጋ መሄድ። ዛሬ የሚሄዱበት ሌላ ደን የለም። ያለው አገር ይኸው ነው፤ ወንዙም፣ ነፋሱም፣ እንፋሎቱም፣ ጋዙም ያለው እዚሁ ነው። የሚቀጥለው ክፉ ክረምት መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። መምጣቱን ግን ሁሉም ያውቃል።

ያ ክረምት ሲመጣ ጥያቄው «ግድባችን ስንት ሜጋ ዋት ነው?» አይሆንም። የዚያች እናት ምጣድ በምን ይሞቃል? ነው።